ለትናንሽ ወታደራዊ መሣሪያዎች የግዳጅ ሙከራ፦ ስንት ፍሬ፣ በማን እጅ፣ ምን እየተመዘገበ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የጦር መሣሪያዎች በወታደር እጅ ተፈትነው ሳያልፉ ወደ ሙሉ ምርት እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ እንዳለ አንብቤአለሁ። እንደ መገናኛ ሬዲዮ፣ ሽጉጥ፣ የሌሊት መነጽርና ትንንሽ ድሮን ያሉትስ በዚሁ ሕግ ይገዛሉ? ስንት ፍሬ ይፈተናል? ተፈትኖ አለፈ የተባለ ዕቃ ወታደሩ እጅ ሲገባ የሚበላሸውስ ለምንድን ነው?»

አጭሩ መልስ፦ ክልከላው ትናንሾቹን በቀጥታ አይነካም፤ መፈተኑ ግን አይቀርላቸውም። ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሙከራ ስላልተደረገ ሳይሆን ሙከራው ሲያልቅ ግዢውም አብሮ አልቆ ስለሚገኝ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ዝርዝሩ እነሆ፤ ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕጉ እንነሣ። በአሜሪካ ሕግ ርዕስ 10 ውስጥ ቀድሞ አንቀጽ 2399 ይባል የነበረው፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ 4171 የተባለው ክፍል፣ ዋና የሚባሉ የመከላከያ ግዢዎች የመጀመሪያው የግዳጅ ሙከራና ግምገማ (ዕቃውን በወታደር እጅ፣ እውነተኛ ግዳጅን በሚመስል ሁኔታ መፈተን) ሳይጠናቀቅ ከውስኑ የመነሻ ምርት እንዳያልፉ ይከለክላል። «ዋና» የሚያሰኘው ገንዘቡ ነው። በመከላከያ ሚኒስቴሩ መመሪያ፣ በ2020 በጀት ዓመት ዶላር ሲሰላ፣ ለምርምርና ለሙከራ ከ525 ሚሊዮን ወይም ለግዢ ከ3.065 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚወስድ ፕሮግራም አንደኛ ምድብ ነው። ለምርምር ከ200 ሚሊዮን ወይም ለግዢ ከ920 ሚሊዮን የሚያልፈው ሁለተኛ ምድብ ይሆናል። የቀረው ሁሉ ሦስተኛ ምድብ ነው። እርስዎ የዘረዘሯቸው ዕቃዎች በአብዛኛው የሚገኙት እዚያ ነው።

ይህ ማለት ግን ትንሹ ፕሮግራም ከሕግ ውጭ ነው ማለት አይደለም። በ1983 ኮንግረስ ያቋቋመው የግዳጅ ሙከራና ግምገማ ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት የፈለገውን ፕሮግራም፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ የክትትል ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባውን ደግሞ የየጦር ክፍሉ ገለልተኛ የሙከራ ድርጅት ይይዘዋል፦ የምድር ጦሩ ሜሪላንድ አበርዲን፣ የባሕር ኃይሉ ቨርጂኒያ ኖርፎክ፣ የአየር ኃይሉ ኒው ሜክሲኮ ኪርትላንድ፣ የማሪን ኮሩ ቨርጂኒያ ኳንቲኮ ላይ የተቀመጡት። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ሐረግ እዚያው ሕግ ውስጥ አለ፤ ዋና ላልሆነ አዲስ መሣሪያ ለሙከራ የሚገዛውን ብዛት የሚወስነው ይኸው የሙከራ ድርጅት ነው። የፕሮግራሙ ሥራ አስኪያጅ አይደለም፣ አምራቹም አይደለም። ለትንሽ ፕሮግራም ሕጉ የሰጠው ጠንካራው መሣሪያ ይህ ነው፤ በጊዜ ካልተያዘ ግን ይባክናል። ብዛቱ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ካልተጻፈ በኋላ የሚገኘው ከሥልጠና የተረፈ ዕቃ ብቻ ነው።

በሜይ 2025 የመከላከያ ሚኒስትሩ ባወጡት ትእዛዝ የዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት ወደ 30 ሲቪል፣ 15 ወታደርና 1 ከፍተኛ ኃላፊ እንዲቀነስ ተደርጓል። በዚህ ቁጥር ትልልቆቹን መከታተልም ከባድ ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን ከእንግዲህ የሚጠብቃቸው የጦር ክፍላቸው የሙከራ ቡድን ብቻ ነው ብሎ ማሰቡ ከእውነት አይርቅም።

አሁን ወደ ዋናው ሕመም። ለትልልቆቹ የመነሻ ምርቱ ከጠቅላላው 10 በመቶ ካለፈ ምክንያቱ ለኮንግረስ ይቀርባል። በሦስተኛው ምድብ ግን «ወደ ሙሉ ምርት ግቡ» የሚለውን ፊርማ የሚያኖረው ብዙ ጊዜ ዕቃውን ወታደሩ ጋር ለማድረስ የሚጣደፈው የግዢ ክፍል የቅርብ አለቃ ነው። በምሳሌ እንየው። ጠቅላላው ፍላጎት 400 ትንንሽ ድሮን ይሁን። 10 በመቶው 40 ነው። አምራቹ «ከ60 በታች ከሆነ የአንዱ ዋጋ ይንራል» ይላል፤ 60 ይታዘዛል። ማሠልጠኛው 30 ይጠይቃል። ወደ ውጭ የሚሰማራ ብርጌድ «እስከዚያው» ብሎ 80 ይወስዳል። የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ ያልተነካ ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት መቀነሻ ሰበብ እንዳይሆን ሌላ 100 ይጨመራል። የሙከራው ሪፖርት ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ከ400ው 270 ታዟል። ሪፖርቱ ምንም ቢል የሚወስነው የቀረውን 130 ብቻ ነው። ማንም ሕግ አልጣሰም፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው።

ይህ የወረቀት ሥጋት አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፓዮኒር የተባለውን ሰው አልባ አውሮፕላን የግዳጅ ሙከራ ሳያደርግ ገዛ። አዮዋ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ሲሰማራ የመርከቧ ሌሎች መሣሪያዎች የሚለቁት ሞገድ መቆጣጠሪያውን እያወከ፣ የሚያርፍበትም መረብ ችግር እየፈጠረ ጥቂቶቹ ተከሰከሱ። አነስተኛውን ተፈላጊ ብቃት ለማምጣት ብቻ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ወጣ። ከመግዛት በፊት መርከቧ ላይ አውጥቶ ማብረር ይህን ባሳየ ነበር፤ የመርከብ ራዳር በቤተ ሙከራ ውስጥ የለምና።

ተከታዩ ሰው አልባ አውሮፕላን ሃንተርም ከዚህ አልተማረም። በ1993 ሙከራው ሳይጠናቀቅ 7 ሥርዓት (እያንዳንዱ ብዙ አውሮፕላንና መቆጣጠሪያ ያለው) በ171 ሚሊዮን ዶላር ታዘዘ፤ በ1995 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት አውሮፕላኖች ወደቁ፤ በ1996 መጀመሪያ የሙሉ ምርቱ ዕቅድ ተሰረዘ። የሚገርመው፣ የተገዙት 7 ሥርዓቶች ጉድለታቸው ከታረመ በኋላ በ1999 ኮሶቮ ላይ ደህና ሠርተዋል። ዕቃው የማይረባ አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው።

«ስንት ፍሬ» ወደሚለው እንለፍ። አንድ የእጅ ሬዲዮ ውሰዱ። የሚፈለገው በሁለት ግዳጅ አቋራጭ ብልሽቶች መካከል በአማካይ 500 ሰዓት መሥራት ነው። ይህን በ80 በመቶ እርግጠኝነት ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ጠቅላላ የሥራ ሰዓት በሚፈቀደው ብልሽት ልክ ያድጋል። ምንም ብልሽት ካልተፈቀደ የ500ው 1.61 እጥፍ፣ ማለትም 805 ሰዓት ይበቃል። አንድ ከተፈቀደ 1,497፣ ሁለት ከተፈቀደ 2,140፣ አራት ከተፈቀደ 3,360 ያህል ሰዓት ያስፈልጋል።

የተለመደው ስሕተት እንዲህ ይመጣል። ዕቅዱ 12 ሬዲዮ፣ ሁለት ጊዜ 72 ሰዓት ይላል። 12 በ144 ሲባዛ 1,728፤ «አንድ ብልሽት ይፈቀድልናል» ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን 144ቱ ያለፈው ጊዜ እንጂ ሬዲዮው የሠራበት ሰዓት አይደለም። ወታደሩ ይተኛል፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ሬዲዮው ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሬዲዮው የሚበራው ከጊዜው 60 በመቶ ብቻ ከሆነ የተገኘው 1,037 ሰዓት ነው። በዚህ ደግሞ አንድም ብልሽት አይፈቀድም። ከዚህ የከፋው ቀጥሎ ነው። ሬዲዮው በእውነት ከሚፈለገው ሁለት እጥፍ የሚሻል፣ አማካይ ሰዓቱ 1,000 የሆነ ቢሆን እንኳ በ1,037 ሰዓት ውስጥ ያለ አንድ ብልሽት የማለፍ ዕድሉ 35 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ማለትም ጥሩውን ሬዲዮ ከሦስቱ ሁለት ጊዜ የሚጥል ሙከራ ተዘጋጅቷል። አንድ ጊዜ ሲጥለው ደግሞ «ያቺ ብልሽት የሙከራው ጥፋት ናት» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩን የሚያሸንፈው ደግሞ በአብዛኛው የሚጣደፈው ወገን ነው።

በዚያው ዕቃ 24 ሬዲዮ ለ10 ቀን፣ ከጊዜው 60 በመቶ ሲበራ፣ 3,456 ሰዓት ያስገኛል። አራት ብልሽት ይፈቀዳል፤ ያው ጥሩ ሬዲዮ የማለፍ ዕድሉ ወደ 73 በመቶ ይወጣል። የዋጋው ልዩነት 12 ተጨማሪ ሬዲዮና የአንድ ሻምበል ጦር አራት ተጨማሪ ቀን ነው። ከዚህ ላይ መቆጠብ ቁጠባ አይባልም።

ይህ ሒሳብ የማይነግርዎ ነገር አለ። የ24 ሬዲዮ 3,456 ሰዓት አንድ ሬዲዮ 3,456 ሰዓት ሠራ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ የሠራው 144 ሰዓት ነው። የሚያረጅ ነገር፣ እንደ ባትሪ መያዣ ምላስ፣ የአንቴና ሥር፣ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ መታጠፊያ፣ በ144 ሰዓት አይታይም። ለዚህ ከ24ቱ አራት ያህሉን አስቀድሞ በምህንድስና ሙከራ ማስረጀት፣ ማለትም አንቴናውን በሺዎች ጊዜ ማጠፍ፣ ባትሪውን በመቶዎች ጊዜ ማስገባትና ማውጣት፣ ከዚያ ከአዲሶቹ ጋር ቀላቅሎ ለወታደር መስጠት ይጠቅማል። የትኛው አሮጌ እንደሆነ ወታደሩም መረጃ ሰብሳቢውም ማወቅ የለበትም።

ብዛት መጨመር ብቻውንም ጥብቅነት አይደለም። ለዚህ የራስ ቁር የተኩስ ሙከራ ጥሩ ትምህርት ነው፤ የግዳጅ ሙከራ ሳይሆን የናሙና ሙከራ ነው፣ ሒሳቡ ግን አንድ ነው። ቀድሞ ምድር ጦሩ 20 ተኩስ ተኩሶ አንድም እንዳይበሳ ይጠይቅ ነበር። በኋላ የዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት ያመጣው ደንብ 240 ተኩስ ተተኩሶ የሚበሱት ከ17 ካልበለጡ ያሳልፋል። ከ100 ተኩስ 5ቱ የሚበሳው ቁር በቀድሞው ደንብ የማለፍ ዕድሉ 36 በመቶ ያህል ነበር፤ በአዲሱ ከ90 በመቶ በላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2014 ደንቡን ሲመረምር ያነሣው ሥጋትም ይኸው ነው፤ ቀድሞ በደንብ ይሠራ የነበረ አምራች ጥራቱን ቢያወርድም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም የማለፊያ ቁጥር ሲያዩ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ መጥፎው ዕቃ የማለፍ ዕድሉ ስንት ነው? ጥሩው የመውደቅ ዕድሉስ? ሁለቱም ቁጥሮች በዕቅዱ ላይ ካልተጻፉ ዕቅዱ አልተሠራም ማለት ነው።

በማን እጅ? ለሬዲዮው አንድ ሻምበል ጦር በቂ ነው፤ ከሻምበሉ መቶዎች (የሻምበል ንዑስ ክፍሎች) ሁለቱ ሬዲዮውን ይይዛሉ፣ ሦስተኛው ጠላት ይሆናል። ጠላት የሆነው መቶ ሞገድ አፋኝ ሊኖረው ይገባል፤ የሬዲዮ ሙከራ ያለ ሞገድ አፋኝ የሬዲዮ ማስታወቂያ ነው። ወታደሮቹ ለሙከራው የተመረጡ ጎበዞች መሆን የለባቸውም። የሚያሠለጥኗቸውም የአምራቹ መሐንዲሶች ሳይሆኑ ወደፊት ጦሩን የሚያሠለጥኑት አሠልጣኞች ናቸው፤ ያው መጽሐፍ፣ ያው የቀን ብዛት። ሥልጠናው ለጦሩ ሁለት ቀን ከታሰበ ለሙከራውም ሁለት ቀን ነው። ባትሪው የሚሞላው በሻምበሉ በራሱ ጄነሬተር ነው። መለዋወጫው ዕቃው ሲሰማራ በግምጃ ቤት የሚኖረው ያህል ብቻ ነው። ጥገናውን የሚሠራው የሻምበሉ ቴክኒሺያን ነው። ሕጉ የአምራቹን ሠራተኛ የሚያስገባው ዕቃው በጦርነት ሲሰማራም እዚያው ተገኝቶ ሊያግዝ በታቀደበት ልክ ብቻ ነው። ይህ የሕግ ገደብ በዋና ፕሮግራሞች ላይ ቢጻፍም ትንሹም ፕሮግራም ይህን ቢከተል አይጎዳም። «ለማየት ብቻ» የመጣ መሐንዲስ ሁለተኛው ቀን ላይ ኪሱ ውስጥ ገመድ ይዞ ይገኛል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ሶፍትዌር እየጫነ ነው።

ጊዜው ግዳጁን ይምሰል። ወታደሩ መሣሪያውን ለ72 ሰዓት የሚይዘው ከሆነ የሁለት ሰዓት ማሳያ ምንም አይነግርም። በጣም ውድ የሆነው የምድር ጦሩ የውጊያ መነጽር በ2022 በግዳጅ ሙከራ ሲፈተን ወታደሮች ራስ ምታት፣ የዓይን ድካምና ማቅለሽለሽ ሪፖርት አደረጉ፤ ምቾት ያጡት አብዛኞቹ ምልክቱ የጀመራቸው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። የሠላሳ ደቂቃ ትርኢት ላይ ይህ አይታይም። ከሙከራው በፊት በዚያው ዓመት ኤፕሪል የመከላከያ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ያነሣው ነገርም ለትንንሾቹ ይሠራል፤ ወታደሩ ዕቃውን «ተቀበልኩት» የሚባለው ስንት በመቶ ሲደርስ እንደሆነ አስቀድሞ አልተወሰነም ነበር። መጠይቅ ማስሞላት ቀላል ነው፤ ከመጠይቁ በፊት የማለፊያውን መስመር መጻፍ ግን ድፍረት ይጠይቃል።

አሁን ብዙ ፕሮግራም የሚሰናከልበት ቦታ ደረስን፤ «ብልሽት» ምንድን ነው? ይህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተቀመጠ በኋላ የሚደረገው ስብሰባ ሙከራውን ሁለተኛ ጊዜ ያካሂደዋል፣ ያለ ሬዲዮና ያለ ወታደር። ቢያንስ ሦስት ሳጥን ያስፈልጋል። አንደኛው ግዳጅ የሚያቋርጥ ብልሽት ነው፤ ለምሳሌ ከ5 ደቂቃ በላይ ድምፅ መቀበል ወይም መላክ አለመቻል። ሁለተኛው ጥገና የሚጠይቅ ግን ግዳጁን የማያቋርጥ ነው። ሦስተኛው ሙከራው ራሱ ያመጣው ነው፤ ለምሳሌ መረጃ መቅጃው ገመድ ሬዲዮውን ካወከው። ሦስተኛው ሳጥን በጣም መጥበብ አለበት። «የተጠቃሚ ስሕተት» የሚባል አራተኛ ሳጥን ግን አይከፈት። የሠለጠነ ወታደር ደጋግሞ የሚሠራው ስሕተት የዲዛይን ወይም የሥልጠና ጉድለት ነው።

የምድር ጦሩ አዲስ ሽጉጥ ይህን አጉልቶ ያሳያል። ውሉ በጃንዋሪ 2017 እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር የተፈረመ ነው፤ በገንዘብ ከትልልቆቹ የማይቆጠር፣ ሆኖም ዳይሬክተሩ የተከታተለው ፕሮግራም ነው። በምህንድስና ሙከራው ባዶ ቀለህ ከነካፕሱሉ (ባሩዱን ከሚያቀጣጥለው ቁራጭ ጋር) ጎርሶ ሲጣል ካፕሱሉ ፈነዳ፤ የቃታው ክፍሎች ቀለል ባሉ ተተክተው ተስተካከለ። ይህ ምንም የማያከራክር ጉድለት ነው። ወታደሮች በያዙት የግዳጅ ሙከራ ግን የታየው ሌላ ነገር ነው። የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ከላይ የሚንሸራተተው አካል ወደ ኋላ ተይዞ መቅረት አለበት፤ ካዝናው ባዶ መሆኑን ወታደሩ የሚያውቀው በዚያ ነው። ብዙ ጊዜ አልቀረም። ምክንያቱ ጦሩ ራሱ የሚያስተምረው አያያዝ ነው፤ የደጋፊው እጅ አውራ ጣት መያዣዋ ምላስ ላይ ያርፋል። ከተመዘገቡት መደናቀፎች አብዛኛው ይኸው ነበር።

አሁን ይህን የት ሳጥን እናስገባው? ሽጉጡ አልተሰበረም። ተኳሹ የተማረውን ነው ያደረገው። ወደ «ተጠቃሚ ስሕተት» ከተጣለ ቁጥሩ ያምራል፣ ወታደሩ ግን ባዶ ሽጉጥ እየሳበ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ማቅረብ ነው፦ ከዚህ ዓይነቱ መደናቀፍ ጋርና ያለ እሱ፤ ከዚያ ምላሷን ማሳጠር ወይም አያያዙን መለወጥ የሚለውን ለወሳኙ መተው። ሽጉጡ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 101ኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር እጅ ገባ፤ ከውል እስከ ወታደር አንድ ዓመት አልሞላም። ለትንሽ ፕሮግራም ጊዜው ምን ያህል አጭር እንደሆነ ከዚህ ይገባዎታል።

በቅጹ ላይ ምን ይጻፋል? «ሬዲዮው አልሠራም» የሚል ቅጽ ቁጥር አይሆንም። የሬዲዮው መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱ እስከ ደቂቃ፣ ወታደሩ ያን ጊዜ ምን ያደርግ እንደነበር፣ ጓንት ለብሶ እንደሆነ፣ የታየው ምልክት በራሱ በወታደሩ ቃል፣ ያደረገው ነገር፣ እስኪሠራ የወሰደው ጊዜ ይጻፍ። ለአንድ ጓድ (ከመቶ በታች ላለው ትንሽ የወታደር ቡድን) አንድ መረጃ ሰብሳቢ ያስፈልጋል፤ ለሁለት ጓድ አንድ ከሆነ ሌሊት የሚደርሰው ግማሹ ይጠፋል። በጣም የሚያመልጠው ደግሞ ዳግም ማስነሣት ነው። ሬዲዮ ሲንገራገር ወታደር ያጠፋዋል፣ ያበራዋል፣ መንገዱን ይቀጥላል፤ ለማንም አይናገርም፣ ብልሽት ነው ብሎም አያስብም። ስለዚህ መሣሪያው ራሱ ውስጥ የጠፋበትንና የበራበትን ሰዓት የሚመዘግብ ማኅደር መኖሩን ውሉ ላይ ያስጽፉ፤ ሙከራው ሲያልቅ ከቅጹ ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። የሁሉም ሰዓት በጂፒኤስ አንድ ካልሆነ ማስተያየቱ ራሱ አይቻልም፤ ይህ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው።

የሚፈተነው ዕቃ የሚመረተው ዕቃ መሆን አለበት። ግልጽ ይመስላል፣ አይደለም። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የጀመሩበት ማርክ 14 ቶርፒዶ አንዱ አሥር ሺህ ዶላር ገደማ ስለነበር በሰላም ጊዜ የፈነዳ ሙከራ አልተደረገበትም ማለት ይቻላል። የመግነጢስ ማፈንጃው በ1926 ሁለት ጊዜ ተተኮሰ፤ አንዱ ሠራ፣ አንዱ አልሠራም። ለልምምድ የሚተኮሰው ጭንቅላት ከእውነተኛው ይቀል ስለነበር ቶርፒዶው ከተሞላለት ጥልቀት 10 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚሄድ የታወቀው በጁን 1942 አውስትራሊያ ውስጥ መረብ ዘርግተው ሲተኩሱበት ነው። መረቡ ላይ የቀረው ቀዳዳ ነው የመሰከረው። በጁላይ 1943 ቲኖሳ የተባለችው ሰርጓጅ አንድ ትልቅ የጃፓን መርከብ ላይ 15 ቶርፒዶ ተኩሳ 11ዱ ሳይፈነዱ ቀሩ። ከዚያ ሃዋይ ካሆኦላዌ ገደል ላይ ሲተኮስ የመምቻው መርፌ በቀጥታ ሲገጭ እንደሚጣመም ታወቀ። እያንዳንዱ ጉድለት ሌላውን ሸፍኖት ነበር፤ አንዱ ሲታረም ሁለተኛው ብቅ ይላል። ለዛሬ ዕቃም ይህ ይሠራል፦ አንድ ጉድለት ተጠግኖ ሙከራው እዚያ ላይ ካቆመ ከሥሩ ያለው አይታይም።

ከሙከራ በኋላ የሚደረግ ለውጥም ሙከራውን ያስረጀዋል። ቬትናም ውስጥ ኤም 16 ጠመንጃ የተጨናነቀበት ዋና ምክንያት ጥይቱ መጀመሪያ በተፈተነበት ባሩድ ሳይሆን በሌላ ዓይነት ባሩድ መሞላቱ ነው፤ የጥይት ማጉረሻው ክፍል በክሮም አለመለበጡና የማጽጃ ዕቃ አለመታደሉ ተጨመረበት። በ1967 የኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ መረመረው። የዛሬው አቻ የሶፍትዌር ስሪት ነው። በስሪት 2.3 የተፈተነ ሬዲዮ በ2.6 ከተመረተ ሪፖርቱ የሌላ ሬዲዮ ሪፖርት ነው። የባትሪ ሴል አቅራቢ ሲለወጥም እንደዚያው። መፍትሔው ሁሉን እንደገና መፈተን አይደለም፤ የተለወጠው የሚነካውን ተግባር ብቻ በሁለትና በሦስት ቀን ማጣራት ይበቃል። ግን የለውጡ ዝርዝር ለሙከራ ቡድኑ መድረስ አለበት፣ በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በተለወጠ ዕለት።

«ገበያ ላይ ያለ ዕቃ ነው፣ ለምን እንፈትነው» የሚለው በትንሽ ፕሮግራም ዘንድ ዕለት በዕለት ይሰማል። የአምራቹን መረጃ መቀበል ይቻላል፤ ሙቀት፣ ውኃ መቋቋም፣ ክብደት ለዚያ አያከራክሩም። የማይቀበሉት ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ሲገናኝ ያለውን ነው፦ አንቴናው በጥይት መከላከያ ሰሌዳው ጀርባ ሲውል፣ ማዳመጫው ከራስ ቁሩ ሥር ሲገባ፣ ተሽከርካሪው ላይ ካለው ሞገድ አፋኝ ጋር ጎን ለጎን ሲሠራ። ለገበያ የተሠራ ዕቃ እነዚህን አያውቃቸውም።

ውጤቱ ሲወጣ የግምገማ ቡድኑ ሦስት ነገር ይመልሳል፦ ግዳጁን ይፈጽማል ወይ፣ ጦሩ ሊይዘውና ሊጠግነው ይችላል ወይ፣ ጥቃት ቢደርስበት ይተርፋል ወይ። ምድር ጦሩ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በቅድመ ሁኔታ መልቀቅ ይችላል፤ ጉድለቱ የሚታረምበት ዕቅድ ተያይዞ። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም። የሚበላሸው ዕቅዱ ላይ ቀንና ገንዘብ ሳይጻፍ ሲቀር ነው፤ ያኔ «በቅድመ ሁኔታ» የተለቀቀው እስኪያረጅ በቅድመ ሁኔታ ይኖራል።

ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ከሆኑና አንድ ነገር ብቻ የሚያስጽፉበት ዕድል ካለዎት ይህን በግዢ ውሉ ላይ ያስጽፉ፦ ቀጣዩ የትእዛዝ ቁጥር የሚከፈተው የሙከራው ሪፖርት ከደረሰ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ነው፤ ለሥልጠናና ለአስቸኳይ ስምሪት የሚወሰደውም ከመነሻው ቁጥር ላይ ይቀነሳል እንጂ አይደመርበትም። ከላይ በድሮኑ ምሳሌ 270 የነበረው ያኔ 60 ላይ ይቆማል፤ 340ው ሪፖርቱን ይጠብቃል።